ውጤት ሲርቅ፦ ከአቋም መውረድ መውጫ መንገዶች

ሚያዝያ 23 ቀን 2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን ለቶኪዮ ኦሊምፒክ ማራቶን የሚሰለፉትን ለመለየት ሰበታ ላይ የ35 ኪሎ ሜትር ማጣሪያ አካሄደ። ከወንዶቹ ሹራ ቂጣታ፣ ሌሊሳ ዴሲሳና ሲሳይ ለማ ተመረጡ። ሹራ ከወራት በፊት ኤሊዩድ ኪፕቾጌ በተሰለፈበት የለንደን ማራቶን አንደኛ የወጣ፣ ሌሊሳ ደግሞ በዶሃ የዓለም ሻምፒዮን የሆነ ሯጭ ነው። ነሐሴ 2 ቀን ሳፖሮ ላይ ማራቶኑ ሲሮጥ ግን ሦስቱም አቋርጠው ወጡ። የአበበ ቢቂላ አገር ያን ቀን አንድም ወንድ ሯጭ ከመጨረሻው መስመር ሳታደርስ ቀረች። ከስምንት ሳምንት በኋላ፣ መስከረም 23 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ሲሳይ ለማ የለንደን ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ1 ሰከንድ አሸነፈ።

በስምንት ሳምንት ውስጥ ሰውየው አልተለወጠም። ሳፖሮ ሙቀትና ወበቅ ነበር፤ ከ100 በላይ ከጀመሩት ሯጮች ወደ 30 የሚጠጉት አቋርጠዋል። ለንደን በመስከረም መጨረሻ ለሩጫ የተመቸች ናት። ሳፖሮ ላይ የሲሳይን አቋም መዝነው "አለቀለት" ብለው የፈረዱ ሰዎች የመዘኑት የአየሩን ጠባይ ጭምር ነበር።

ስፖርተኛ ውጤት ሲርቀው ምን ነክቶት ነው? በምንስ ይመለሳል? በሩጫም፣ በእግር ኳስም፣ በጎልፍም ይህን የሚጠይቁ ብዙ ናቸው፤ መልሱም ብዙ ነው። ችግሩ ያለው መልሶቹ ሁሉ በአንድ ስም ለሚጠሩ የተለያዩ ሕመሞች መሰጠታቸው ላይ ነው። ሰውነቱ የደከመ፣ እጁ የከዳው፣ ሐዘን የገባበት፣ የሚሮጠው ርቀት ያልሆነለት፣ ወይም አንድ ክፉ ቀን ብቻ የገጠመው ሰው ሁሉም "አቋሙ ወረደ" ይባላል። ለአንዱ የሚበጀው ሌላውን ያባብሰዋል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በአዲስ አበባ ኮልፌ ቀራንዮ ጉዳዩ ከወሬ አልፎ የኑሮ ጥያቄ ነው። ከአየር ጤና በካራ ቆሬና በዓለም ገና አድርጎ ወደ ሰበታ የሚወርደው አስፋልት አትሌቶች ረጅም ርቀት የሚሮጡበት መንገድ ነው፤ ወደ ሰሜን ሲወጣ ደግሞ የጉለሌ እፅዋት ማዕከል ደንና የእንጦጦ ሰንሰለት ይገኛል። ንጋት 11 ሰዓት ላይ ቱታ የለበሱ ወጣቶች መንገድ ዳር ቆመው ሰርቪስ ሲጠብቁ ማየት የተለመደ ነው። ከመካከላቸው አንዱን ቀረብ ብሎ ላየ ሰው የአቋም መውረድ ምን እንደሚመስል ይገባዋል። አምና ከቡድኑ ፊት ይሮጥ የነበረው ልጅ ዘንድሮ መንገዱ ሳይጋመስ ይቆረጣል። ሲጨርስ ሰዓቱን ተጭኖ ያቆመዋል፤ ቁጥሩን አይቶ ወዲያው እጅጌውን ይጎትትበታል። ሰርቪሱ ውስጥ ከኋላ ወንበር ይይዛል፤ ሌሎቹ ስለ ኪሎ ሜትራቸው ሲያወሩ እሱ የጫማውን ክር ይፈታል፣ ያስራል።

"ኮንዲሽኑ ጠፍቷል" ይላሉ ጓደኞቹ። ምክሩ ይዘንባል። አንዱ ልምምድ ጨምር ይለዋል፣ ሌላው ታይፎይድ ተመርመር፣ ሦስተኛው ጸበል ግባ፣ አራተኛው አሰልጣኝ ቀይር። እያንዳንዱ ምክር ለሆነ ሰው በሆነ ጊዜ ሠርቶ ያውቃል። ለዚህ ልጅ የትኛው እንደሚሆን ለማወቅ ግን መጀመሪያ የሆነውን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ የሚዘለለውም ይኸው ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ በእርግጥ አቋም ወርዷል ወይ የሚለው ነው። የሥነ ልቦናው ሊቅ ዳንኤል ካህነማን የእስራኤል አየር ኃይል የበረራ አስተማሪዎችን ሲያሠለጥን የገጠመውን ጽፏል። አስተማሪዎቹ፣ ጥሩ ያበረረን ተማሪ ሲያመሰግኑት በሚቀጥለው በረራ እንደሚያበላሽ፣ መጥፎ ያበረረውን ሲቆጡት ግን እንደሚሻሻል ከልምድ አይተናል አሉ። ያዩት እውነት ነበር፤ ምክንያቱን ግን ስተውታል። ከወትሮው በጣም የተሻለ ቀን ያሳለፈ ሰው በማግስቱ ወደ ወትሮው ይወርዳል፣ ከወትሮው የከፋ ቀን የገጠመውም ወደ ወትሮው ይወጣል፤ ምስጋናውና ቁጣው ባይኖርም። ካህነማን ይህንኑ በጎልፍ አስረድቷል፦ በመጀመሪያው ቀን እጅግ ጥሩ ነጥብ ያስመዘገበ ተጫዋች በሁለተኛው ቀን በአብዛኛው ያን አይደግመውም፤ የመጀመሪያው ቀን ከችሎታው ሌላ ዕድልም ረድቶታልና።

የሰሜን አየርላንዱ ጎልፈኛ ሮሪ ማክልሮይ በ2011 ማስተርስ በተባለው ትልቅ ውድድር በአራት ምት እየመራ ወደ መጨረሻው ቀን ገብቶ 80 ምት ፈጀበትና ወደቀ። 21 ዓመቱ ነበር። ከሁለት ወር በኋላ የአሜሪካን ኦፕን በስምንት ምት ልዩነት አሸነፈ። ኢትዮጵያዊው ታምራት ቶላ በነሐሴ 2023 ቡዳፔስት ላይ የማራቶን የዓለም ሻምፒዮንነቱን ሊያስጠብቅ ወጥቶ አቋረጠ፤ ከአሥር ሳምንት በኋላ ኒውዮርክን በ2:04:58 በቦታው ክብረ ወሰን አሸነፈ። እነዚህ ሰዎች ከአቋም መውረድ የወጡ ተብለው ሲጠቀሱ ይሰማል። የወረደ ነገር አልነበረም፤ አንድ ክፉ ቀን ነበር። በዚያ ቀን ደንግጠው አሰልጣኝ፣ ልምምድና አሯሯጥ ቢቀይሩ ኖሮ እውነተኛውን መውረድ በገዛ እጃቸው ያመጡት ነበር። አንድ አሰልጣኝ የተማሪውን መውረድ ለመፍረድ ቢያንስ የአንድ የውድድር ዘመን ሰዓቶችን፣ ከሮጠበት ቦታ ከፍታና አየር ጋር አስተያይቶ ማየት አለበት። እንጦጦ ላይ ከ3,000 ሜትር ከፍታ አጠገብ የተሮጠ ሰዓትና ሰበታ ወይም አቃቂ ዝቅ ብሎ የተሮጠ ሰዓት ጎን ለጎን ተቀምጠው አይፈረድባቸውም።

አቋሙ በእርግጥ ከወረደ ግን ምርመራው ከሰውነት መጀመር አለበት። የአውሮፓ የስፖርት ሳይንስ ኮሌጅና የአሜሪካ የስፖርት ሕክምና ኮሌጅ በ2013 በጋራ ባወጡት መግለጫ፣ ከልምምድ የሚመጣን ድካም በሦስት ደረጃ ከፍለውታል። የመጀመሪያው ከቀናት እስከ ጥቂት ሳምንታት ዕረፍት የሚያድነው ነው፤ እንዲያውም ካረፉ በኋላ ብቃትን ከፍ ያደርጋል። ሁለተኛው ሳምንታትና ወራት ይፈልጋል። ሦስተኛው ብዙ ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል፤ አንዳንዱ ሯጭ ከእሱ አይመለስም። ሦስቱን በአንድ ምርመራ የሚለይ መሣሪያ የለም። ሐኪሙ መጀመሪያ ሌላውን ሁሉ ያጣራል፦ ኢንፌክሽን አለ ወይ፣ የብረት ማነስ አለ ወይ፣ የሚበላው ለሚሮጠው ይበቃል ወይ።

የብረት ነገር ለእኛ አገር ሯጭ በተለይ ሊጤን ይገባል። ከፍታ ላይ የሚኖርና የሚሮጥ ሰው ሰውነቱ ቀይ የደም ሕዋስ ለመሥራት ብረት ይፈጃል፤ ሴቶች ደግሞ በየወሩ ደም ያፈሳሉ። ጤፍ ብረት አለው፤ ነገር ግን ከእህል የሚገኘው ብረት ከሥጋ እንደሚገኘው በቀላሉ ወደ ደም አይገባም፤ ከምግብ ጋር የሚጠጣ ሻይና ቡናም ይብስ ያግደዋል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ብዙ ታላላቅ ሯጮቻችን እየጾሙ አሸንፈዋልና ጾም ጥፋተኛ ተደርጎ መነሳት የለበትም፤ ጾሙ ሲገባ ግን ሽሮውን በአትክልትና በጥራጥሬ ማገዝ፣ ቡናውን ከምሳ አርቆ መጠጣት፣ በዓመት አንድ ሁለቴ ፌሪቲንን፣ ማለትም ሰውነት ያከማቸውን ብረት የሚያሳየውን የደም ምርመራ፣ መለካት የሚያስቸግር ነገር አይደለም። በድካም ውጤት የራቀው ወጣት ከማንኛውም ምክር በፊት ይህን የደም ምርመራ ቢያደርግ ብዙ ወራት ይተርፉታል።

ጸበልም እዚህ ላይ ይነሣል። እንጦጦ ጸበል የገቡ፣ ሱባኤ ይዘው ከልምምድ ርቀው ሰንብተው ሲመለሱ የተሻላቸው አትሌቶች አሉ፤ ምእመኑ ይህን ለማን ምስጋና እንደሚሰጥ ያውቃል። ሐኪሙም በበኩሉ በዚያ ጊዜ ሰውነቱ ማረፉን ያያል። ሁለቱ የሚጋጩበት ምክንያት የለም። የሚያሳዝነው፣ ያለ ጸበል ማረፍ ለወጣቱ ሯጭ እንደ ስንፍና መቆጠሩ ነው። እንግሊዛዊው አንትሮፖሎጂስት ማይክል ክሮውሊ አዲስ አበባ ከሯጮች ጋር እየሮጠ ኖሮ በ2020 ባሳተመው መጽሐፉ እንዳሳየው፣ የእኛ ሯጮች ለብቻ መሮጥን ለጤና ይተዉታል፤ ለመለወጥ የሚፈልግ ከቡድን ጋር የሌላውን እግር እየተከተለ ይሮጣል። ይህ ልማድ ታላላቅ ሯጮችን አውጥቷል። የደከመው ሰው ግን በዚያው ልማድ ምክንያት ራሱን ከቡድኑ ለማውጣት ይፈራል፤ ቢቀር ሐሜት አለ፣ ቢሄድ ሌላ የሚያደክም ቀን።

ከኢትዮጵያ ሯጮች ሁሉ የሰውነትን ጉዳት በረጅሙ ያሳየን ቀነኒሳ በቀለ ነው። በ2010 የባት ጉዳት ዓመቱን ሙሉ ከውድድር አስቀረው። በ2011 ዴጉ ላይ የ10,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮንነቱን ሊያስጠብቅ ገብቶ አቋረጠ፤ በዚያ ርቀት ተሸንፎ የማያውቅ ሰው ነበር። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ብራሰልስ ላይ 26:43.16 ሮጦ የዓመቱን ፈጣን ሰዓት አስመዘገበ። በ2012 ለንደን ኦሊምፒክ አራተኛ ወጣ፤ በመም ላይ የነበረው የኦሊምፒክ ዘመን እዚያ አበቃ። ከዚያ በኋላ ያለው የማራቶን ታሪኩ ለዚህ ጉዳይ ዋና ትምህርት ነው። ፓሪስ 2014፣ በ2:05:04 ድል። ዱባይ 2015፣ አቋረጠ። በርሊን 2016፣ 2:03:03። ዱባይ 2017፣ አቋረጠ፤ በዚያው ዓመት ለንደን ሁለተኛ፤ በዚያው ዓመት በርሊን አቋረጠ። አምስተርዳም 2018፣ አቋረጠ። በርሊን 2019፣ 2:01:41፤ ከዓለም ክብረ ወሰን ሁለት ሰከንድ ብቻ ቀረው። በ2024፣ በ41 ዓመቱ፣ ለንደን ላይ በ2:04:15 ሁለተኛ ሆነ።

ይህን ሰልፍ ለሚያነብ ሰው "ተመለሰ" የሚለው ቃል አይበቃውም። ቀነኒሳ አንዴ ወድቆ አንዴ የተነሣ ሰው አልነበረም፤ ጉዳቱ እየመጣ እየሄደ አብሮት ኖረ። ጤነኛ ሲሆን ዓለምን የሚያስደንቅ፣ ሳይሆን የማይጨርስ ሯጭ ነበር። የእሱ መውጫ ከጉዳቱ ጋር መኖርን መቻል ነበር፤ ሲያመው ማቆም፣ ሲሻለው እንደገና መጀመር፣ ባለፈው መቋረጥ አለመታሰር። ይህን ማድረግ የሚችለው ደግሞ ለሚቀጥለው ወር የቤት ኪራይ የማያስብ ሰው ነው። ወደዚህ ነጥብ እንመለስበታለን።

ሰውነት ጤነኛ ሆኖ ብቃት ሲጠፋስ? ይህ ጥያቄ በብዛት ከተጠናባቸው ስፖርቶች አንዱ ጎልፍ ነው። ጎልፍ ለኮልፌ ልጅ ሩቅ ስፖርት ነው፤ ሜዳው ጥቂት፣ ዕቃውም ውድ። ነገር ግን ኳሷ መሬት ላይ ቆማ ትጠብቃለች፣ የሚያሯሩጥ ተጋጣሚ የለም፣ ዳኛውም አይፏጭም። ስለዚህ የሚበላሸው ነገር ሁሉ ከራሱ ከተጫዋቹ እንደመጣ በግልጽ ይታያል።

አውስትራሊያዊው ኢያን ቤከር ፊንች በ1991 ሮያል በርክዴል ላይ ዘ ኦፕን የተባለውን ትልቅ ውድድር አሸነፈ። ርቀት ለመጨመር ብሎ አመታቱን መለወጥ ጀመረ፤ የጎደለ ሲመስለው ሌላ አሰልጣኝ፣ ሌላ ምክር ፈለገ። በ1995 ሴንት አንድሪውስ ላይ፣ ከዓለም ሰፋፊ ከሚባሉት ሜዳዎች በአንዱ፣ የመጀመሪያ ምቱን ወደ ግራ ከሜዳ ውጭ ላከው። በ1997 ሮያል ትሩን ላይ በመጀመሪያው ቀን 92 ምት ፈጀበትና ከውድድሩ ወጣ፤ ተጫዋችነቱም በዚያው አበቃ ማለት ይቻላል። የሚገርመው ልምምድ ላይ ኳሷን አሳምሮ ይመታት ነበር። ውድድር ላይ ቆሞ ግን እጁን በየቁርጡ እያሰበ ያንቀሳቅሳል፤ ሲያስብ ይበላሻል፣ ሲበላሽ ይበልጥ ያስባል።

ይህን በሙከራ ያሳየችው ሳይንቲስት ሲያን ባይሎክ ናት። በ2002 ከባልደረቦቿ ጋር ልምድ ያላቸውን ጎልፈኞች በሁለት መንገድ ፑት፣ ማለትም ኳሷን ወደ ጉድጓዱ የሚያንከባልለውን ምት፣ አስመታች፤ በአንዱ ስለ እጃቸው እንቅስቃሴ እንዲያስቡ፣ በሌላው ደግሞ እየመቱ ድምፅ እንዲያዳምጡ። ልምድ ያላቸው ሰዎች ድምፅ እያዳመጡ የተሻለ መቱ። በእግር ኳስም እንዲሁ ተፈተነ፦ ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች በሚያዘወትሩት እግር ኳስ ሲገፉ ስለ እግራቸው ማሰብ አሰናከላቸው፤ በማያዘወትሩት እግር ሲገፉ ግን ማሰቡ ረዳቸው። ጀማሪዎችንም ረድቷቸዋል። ይህ ለኮልፌ የሠፈር አሰልጣኝ ሁሉ የሚሆን ግኝት ነው። ለሚማር ልጅ "እግርህን እንዲህ አድርግ" ማለት ያስተምረዋል፤ ሥራውን አንዴ ለያዘና ለጊዜው ለወረደ ልጅ ያንኑ መደጋገም ግን ሰውነቱ የሚያውቀውን ያስረሳዋል። ለእንዲህ ያለው ልጅ ዓላማውን፣ ኳሱን ወዴት እንደሚልክ ወይም የማንን እግር እንደሚከተል፣ መንገር ይሻላል።

እጅ የሚከዳበት ሌላም መንገድ አለ። ጎልፈኞች ዪፕስ ይሉታል፤ አጭር ፑት ሊመቱ ሲሉ እጅ በራሱ ፈቃድ ይርገበገባል። በአሜሪካ ማዮ ክሊኒክ የተደረጉ ጥናቶች ሁለት ዓይነት እንዳለ አመልክተዋል፦ አንዱ ጡንቻን የሚቆጣጠረው የነርቭ ሥርዓት ሕመም ነው፣ ሌላው ጭንቀት። ለጭንቀቱ የሚሠራ ምክር ለነርቩ አይሠራም። ጀርመናዊው በርንሃርድ ላንገር ይህ ነገር ደጋግሞ ይዞት ነበር፤ የመጀመሪያውን ማስተርስ በ1985 ካሸነፈ በኋላም ተመለሰበት። ያደረገውን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ግራ እጁን ከዱላው ላይ ዝቅ አድርጎ ያዘ፤ የዱላውን እጀታ በግራ ክንዱ ላይ አጋደመው፤ ከዚያ በቀኝ እጁ ክንዱንና ዱላውን አንድ ላይ ጨመቃቸው። አንጓው እንዲንቀጠቀጥ ቦታ አልተወለትም። ለሚያየው ሰው እንግዳ አያያዝ ነበር፤ በዚሁ በ1993 ሁለተኛውን ማስተርስ አሸነፈ። በ1991 ራይደር ካፕ በተባለው የቡድን ውድድር የመጨረሻዋን ፑት ስቶ ቡድኑ የተሸነፈ ጊዜም፣ በሚቀጥለው ሳምንት አገሩ ላይ ውድድር አሸንፏል። ላንገር ሕመሙን ለማጥፋት አልታገለም፤ ሕመሙ የማይደርስበትን አያያዝ ፈለገ።

ሁሉም አልተመለሱም፤ ጽሑፉ ይህን ካልተናገረ ሐሰት ይሆናል። ዴቪድ ዱቫል በ1999 የዓለም አንደኛ ነበር፣ በ2001 ዘ ኦፕንን አሸነፈ፣ ከዚያ በኋላ በአሜሪካ ዋናው የጎልፍ ዙር አንድም ውድድር ሳያሸንፍ ቀረ። የእኛው ገዛኸኝ አበራ በሲድኒ 2000 ኦሊምፒክና በኤድመንተን 2001 የዓለም ሻምፒዮና ማራቶንን አከታትሎ በማሸነፍ የመጀመሪያው ወንድ ሆነ፤ ለንደንንም በ2003 ጨመረበት፤ ከዚያ ጉዳት ገና በወጣትነቱ ከሩጫ አስወጣው። ለገዛኸኝ ፈቃድም ብርታትም አላነሰውም ነበር። ያልተመለሰ ሰው ያልታገለ ሰው ነው የሚለው አነጋገር በእነዚህ ሰዎች ላይ ግፍ ነው።

ሐዘን ደግሞ በሌላ ሰዓት ይሄዳል። ቀነኒሳ በጥር ወር 2005 እጮኛውን ዓለም ተጫልን አብረው ልምምድ ላይ ሳሉ አጣት፤ እሷም በ2003 በ1,500 ሜትር የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮን ነበረች። በዚያ ወቅት በቤት ውስጥ ውድድሮች ተሸነፈ። በመጋቢት ሴንት ኤቲየን አጠገብ በተደረገው የዓለም አገር አቋራጭ አጭሩንም ረጅሙንም አሸነፈ፤ በነሐሴ ብራሰልስ ላይ 26:17.53 የሆነ የዓለም ክብረ ወሰን ሮጠ። ከዚህ ተነሥቶ ሩጫ ሐዘንን ይፈውሳል ማለት አይቻልም። ሐዘንተኛን ግን ዙሪያውን ያለ ሰው ሊይዘው ይችላል፤ የእኛ ለቅሶ ደራሽነት ለስፖርተኛም ይሠራል። የሚጎዳው በየሳምንቱ ውጤት እየጠየቁ መቀመጥ ነው።

ከሁሉም መውጫ መንገዶች በኢትዮጵያ ሩጫ ደምቆ የሚታየው ርቀት መቀየር ነው። ሻምበል ማሞ ወልዴ በ1956 ሜልቦርን ኦሊምፒክ በ800ና በ1,500 ሜትር ተወዳድሮ ከማጣሪያው አላለፈም። በ1964 ቶኪዮ በ10,000 ሜትር አራተኛ ወጣ። በ1968 ሜክሲኮ፣ በ36 ዓመቱ፣ በ10,000 ሜትር ብር፣ በማራቶን ወርቅ አገኘ። ከግማሽ ክፍለ ዘመን በኋላ ትዕግስት አሰፋ ያንኑ መንገድ ሄደች፦ በ2016 ሪዮ በ800 ሜትር ተሰልፋ ከማጣሪያው አላለፈችም፣ የተረከዝ ጅማት ጉዳት ለዓመታት አስቀመጣት፣ በ2022 ማራቶን ጀመረች። የመጀመሪያውን በ2:34:01 ጨረሰች፤ ማንም ልብ አላላትም። በዚያው ዓመት በርሊንን በ2:15:37 አሸነፈች፤ በ2023 በዚያው በርሊን 2:11:53 ሮጣ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች። አልማዝ አያና ሪዮ ላይ በ10,000 ሜትር 29:17.45 ከሮጠች በኋላ ጉዳት ለዓመታት አርቋት በ2022 አምስተርዳም ላይ የመጀመሪያ ማራቶኗን በ2:17:20 አሸነፈች። ለአሰልጣኞች ይህ ግልጽ ጥያቄ ያነሣል፦ በ1,500 ሜትር የሚቆረጠው ልጅ ወርዷል ወይስ ርቀቱ አልፎበታል?

ከላይ ያሉትን ታሪኮች የሚያያይዝ አንድ ነገር አለ፤ እሱም ጊዜ ነው። ትዕግስት ከሪዮ እስከ በርሊን ስድስት ዓመት ወሰደባት። ደራርቱ ቱሉ በባርሴሎና 1992 ወርቅ ካገኘች በኋላ በጉልበት ሕመም ተቸገረች፣ በአትላንታ 1996 አራተኛ ወጣች፣ በ1998 ልጅ ወለደች፣ በሲድኒ 2000 እንደገና ወርቅ አገኘች፤ ከወርቅ ወርቅ ስምንት ዓመት ነው። በ2009፣ በ37 ዓመቷ፣ የኒውዮርክ ማራቶንን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሆነች። አበበ ቢቂላ በሚያዝያ 1963 ቦስተን ላይ እየመራ መጥቶ መጨረሻ ላይ ደክሞ አምስተኛ ሲወጣ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር፤ ኑሮው በሩጫ ውጤት ላይ ብቻ የተንጠለጠለ አልነበረም። አዲስ አበባ ተመልሶ ሥራውን ቀጠለ፤ ከዓመት ተመንፈቅ በኋላ፣ ትርፍ አንጀቱን ባስወጣ በስድስተኛው ሳምንት ገደማ፣ ቶኪዮ ላይ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ አሸነፈ።

ዛሬ ኮልፌ ያለው ወጣት ይህን ጊዜ ከየት ያገኛል? የቤት ኪራይ በየወሩ ይመጣል። ክለብ የያዘው የክለቡን ደመወዝ ያገኛል፤ በውጤት የሚታደሰው ውል ግን ውጤት በራቀበት ዓመት ይቋረጣል። ማናጀር የያዘውም እንዲሁ፤ የጫማ ኩባንያ ውል ያለው አትሌት ሳይሮጥ ከቆየ ክፍያው ይቀነሳል። ይህ የዓለም ጣጣ ነው፦ አሜሪካዊቷ አሊሰን ፊሊክስ በ2019 ከወሊድ ጋር የተያያዘውን የክፍያ ቅነሳ በአደባባይ ካወጣች በኋላ ነው ትልቁ ስፖንሰሯ ደንቡን የለወጠው። የእኛ ልጅ ይህን የሚናገርበት አደባባይ የለውም። ስለዚህ ሲያመው ይደብቃል፣ ሳይድን ይሮጣል፣ ለአንድ የጎዳና ላይ ውድድር ሽልማት ብሎ የሦስት ወር ዕረፍቱን ያጠፋል። በመጀመሪያው ደረጃ ላይ በዕረፍት ይድን የነበረው ድካም በዚህ መንገድ ወደ ሦስተኛው ይደርሳል።

የፌዴሬሽኑ ምርጫም በዚሁ ሚዛን መታየት ይገባዋል። የሰበታው ማጣሪያ ለሁሉም እኩል ዕድል ይሰጣል፤ በጓዳ ከሚደረግ ምርጫ የተሻለ እንደሆነ ጥርጥር የለውም። ነገር ግን ሦስት ወር ሲቀረው 35 ኪሎ ሜትር በሙሉ ኃይል ማሮጥ ድካሙን ራሱ ይፈጥራል፤ ቀነኒሳም በ2021 በዚያ ማጣሪያ አልተሰለፈም፣ ቶኪዮም አልሄደም። ለፓሪስ 2024 ታምራት ቶላ ተጠባባቂ ነበር። ሲሳይ ለማ በጉዳት ሲወጣ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ታምራት በእሱ ቦታ ተተካ፤ በ2:06:26 የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሮጦ አሸነፈ፤ ከገዛኸኝ አበራ በኋላ በኦሊምፒክ ማራቶን ወርቅ ያገኘ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ወንድ ሆነ። አንድ ዓመት ሳይሞላ ቡዳፔስት ላይ ያቋረጠን ሰው ከዝርዝሩ ሳያስወጡ በተጠባባቂነት ማቆየት ወርቅ አመጣ። ይህ በአጋጣሚ የተገኘ ጥቅም ወደ ደንብ ሊለወጥ ይችላል።

መነሻው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የፖሊስ፣ የመከላከያና የባንክ ክለቦች ውላቸውን በአንድ ዓመት ውጤት ከሚያድሱ በሁለት ዓመት ቢያደርጉት፣ የተጎዳ አትሌት ግማሹን ጊዜ በዕረፍት ቢያሳልፍም ደመወዙ ይቀጥላል። በክፍለ ከተማ ደረጃ ያሉ የወጣት ፕሮጀክቶች ደግሞ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ደብተር ቢይዙ ይበቃል፦ ጠዋት ከእንቅልፍ ሲነሣ የልቡ ምት፣ ስንት ሰዓት እንደተኛ፣ የት ከፍታ ላይ እንደሮጠ፣ የፌሪቲን ውጤቱ፣ በቤቱ ሐዘን ወይም ችግር ካለ። ከቡድኑ የተቆረጠውን ልጅ በሚቀጥለው ሰኞ ምን ልምምድ እንደሚሰጡት ከመወሰናቸው በፊት አሰልጣኙ ያን ደብተር ገልጦ ያለፉትን ስድስት ሳምንታት ያነባል፤ ድካም ካየ ወደ ጤና ጣቢያ ይልከዋል፣ ካላየ ርቀቱን ይፈትሻል፣ አንድ ክፉ ቀን ብቻ ከሆነም ምንም ሳይቀይር በማግስቱ ከቡድኑ ጋር ያሰልፈዋል።